ቱቦው ለምን ቶሎ ቶሎ ይደርቃል?

ዘይት የማያልበው የአውሮፕላን ሞተር የለም ማለት ይቻላል። በተለይ በትንንሾቹ፣ ባለ አራትና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ኮፈኑ ሲከፈት አንድ ቦታ እርጥብ ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። መካኒክ የሚደነግጠው ዘይት ስላየ ሳይሆን ያየበት ቦታ ስላልተመቸው ነው። ከማይመቹት ቦታዎች ዋነኛው ደግሞ የጭስ ማውጫው አካባቢ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቧንቧው ራሱ ያን ያህል ባይግልም ጠብ ያለበትን ዘይት ለማጨስ የሚበቃ ሙቀት አለው። ሽታው ወደ አብራሪው ክፍል ይገባል። ቀን ከጎደለ እሳት ይነሳል፤ የአየር ላይ እሳት ደግሞ እንደ መኪና መንገድ ዳር አቁመው አፈር የሚበትኑበት አይደለም።

ይህን ነገር ከሙያ ትምህርት ቤት በፊት የተማረ አንድ መካኒክ አለ። የተወለደው ኩታበር ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ደላንታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደገኛ ከተማ። የቤታቸው ጓሮ ከወፍጮ ቤት ጋር ይዋሰናል። በዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ሲሊንደር ሊስተር የናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ዱግ ዱግ ሲል ይውላል። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው የዱቄት ብናኝ የማያርፍበት ቦታ የለም፤ ግድግዳው፣ የባለወፍጮው ቅንድብ፣ ሞተሩም ጭምር ነጭ ነው። ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ። ደረቅ ብረት ላይ ያረፈ ዱቄት ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ዘይት የሚወጣበት ቦታ ላይ ያረፈው ግን መጀመሪያ ይጠይማል፣ ከዚያ ሊጥ ይሆናል፣ ቆይቶም እንደ ምጣድ ቅርፊት ይጠቁራል። ባለወፍጮው ሞተሩን በጨርቅ ጠርጎ ሲያበቃ "አሁን የትኛው ቦታ ላይ ቀድሞ እንደሚጠይም ተመልከትልኝ" ብሎ ልጁን ያስቀምጠዋል። የልጁ ደመወዝ ቆሎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በአንድ የጥገና ሃንጋር ውስጥ አሠልጣኙ የታጠበ ሞተር ላይ ነጭ ፓውደር ሲነፋ አይቶ ሳቀ ይባላል። የዓለም የአውሮፕላን መካኒኮች ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ ያው የኩታበር ወፍጮ ቤት ዘዴ ነውና። ሞተሩን አጥቦ ማድረቅ፣ ነጭ ነገር መንፋት፣ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት፣ ከዚያ ማየት። ዘይቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨምሮ በልዩ መብራት መፈለግም አለ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ዘይቱ ከሩቅ ተጉዞ ከመድረሱ በፊት ገና ከምንጩ ሲወጣ መያዝ።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ዘይት ውሸታም ስለሆነ ነው። ላይካሚንግ የሚባለውን የታወቀ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው ተኝተዋል። የሚያቀዘቅዛቸው አየር ከፊት ይገባል፣ ከላያቸው ይሄዳል፣ በክንፍክፎቻቸው መካከል ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ከኋላ በታች በኩል ይወጣል። ስለዚህ በበረራ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ከወጣ የሚሄደው ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው። ከፊተኛው ሲሊንደር የወጣው ከኋለኛው ላይ ይገኛል። ከላይ የወጣው ከታች ይንጠለጠላል። መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት የሚያየው ዘይቱ ያረፈበትን እንጂ የተነሳበትን አይደለም። ያረፈበትን ጠርጎ፣ እዚያ አጠገብ ያለውን ብሎን አጥብቆ የሚሸኝ መካኒክ ሥራ የሠራ ይመስለዋል።

ጭስ ማውጫው አጠገብ ዘይት ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። የሮከር ክዳኑ ጓርኒሲዮን ሊደርቅ ይችላል። ቫልቮቹን የቀባው ዘይት ከሲሊንደሩ ራስ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመለስበት ቀጭን ቧንቧ አለ፤ በላይካሚንግ ላይ ይህ ቧንቧ ከሲሊንደሩ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ጎን ነው የሚያልፈው፤ መጋጠሚያው ላይ ያለችው አጭር የጎማ ቱቦ በሙቀት ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ኮንቲኔንታል በሚባለው ሞተር ላይ ደግሞ ፑሽ ሮዶቹ ራሳቸው ከሲሊንደሩ ሥር ስለሚያልፉ የእነሱ ማሸጊያ ጎማ ይጠረጠራል። የሲሊንደሩ መቀመጫ ሊያልብ ይችላል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም አለ። ብዙ ላይካሚንጎች ስምንት ኳርት ማለትም 7.5 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛሉ፤ እስከ አፉ የሞላ ሰው ግን ትርፉን ሞተሩ በመተንፈሻው ሲተፋው ያያል። አብራሪው "ዘይት ይበላል" ብሎ እንደገና ይሞላል፣ ሞተሩ እንደገና ይተፋል። ይህ በሽታ ሳይሆን ጥጋብ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ዘይቱ ከውስጥ የመጣ እንደሆነ ነው። የጭስ ቧንቧው ውስጡ በዘይት ከረጠበ፣ ካንዴላዎቹ በተለይ የታችኞቹ ከወዙ፣ ወሬው ስለ ጓርኒሲዮን መሆኑ ይቀራል። ወይ የቫልቩ መሄጃ ተበልቷል፣ ወይ ፋሻው ተሰብሯል። ያኔ በተጨመቀ አየር ሲሊንደሩን መፈተን ግድ ነው። 80 መጠን ግፊት ይሰጠዋል፤ 70 እና ከዚያ በላይ ከያዘ ደህና ነው፤ ከ70 በታች ሲሆን ጥያቄ ይነሳል፤ ወደ 60 ከወረደ ሲሊንደሩን ለማውረድ መዘጋጀት ነው። ጆሮም ይሠራል። አየሩ በጭስ ማውጫው በኩል ሲሾልክ ከተሰማ የጭስ ቫልቩ ነው፤ በዘይት መሙያው በኩል ከተሰማ ፋሻው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኮፈን፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ቴስታታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ጣሊያንኛ ነው። ደሴ ፒያሳ ከሚባለው ሠፈር ጀምሮ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ ድረስ መኪና የሚጠግን ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ሃንጋር ውስጥ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በመጽሐፉ ስሙና በቁጥሩ ይጠራል። የኩታበሩ መካኒክ ከመኪና ጋራዥ ወደ አውሮፕላን ሲሻገር መጀመሪያ የቸገረው ይህ ነበር። እጁ ያውቀዋል፣ አፉ ግን ሌላ ስም ይጠራዋል። የቋንቋው ለውጥ የአሠራርም ለውጥ ነበር። ጋራዥ ውስጥ "ትንሽ ጠበቅ አድርጋት" ይባላል። ሃንጋር ውስጥ በስንት ኃይል እንደሚጠበቅ ቁጥር አለ፤ ያጠበቀው ሰውም ይፈርማል።

ጣሊያንኛው እንዴት እንደመጣ ደሴ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ለመምራት እዚያው ነበሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ተሠርታ በርራ ነበር፤ "ፀሐይ" የተባለችው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት ናት። ሞተሯ ዋልተር ቬነስ የሚባል፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት የነበረው ነው። በክብ ሞተር ላይ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ራሳቸውን ወደ ምድር ዘቅዝቀው ነው የሚቀመጡት፤ ሞተሩ ሲያድር ዘይቱ ወደ እነሱ ይንቆረቆራል። ጠዋት ዝም ብሎ የሚያስነሳ ሰው ፒስተኑን ከማይታመቅ ፈሳሽ ጋር አጋጭቶ ዘንጉን ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር የግድ ነው። በዚያ በጦርነት ዓመት መለዋወጫ ከየትም በማይመጣበት ከተማ ያቺን ሞተር የተንከባከቡ ሰዎች ዘይቷ ከየት እንደሚወጣ ሳያውቁ ሊያበሯት አይችሉም ነበር። ፀሐይ ጣሊያን አገር ሙዚየም ውስጥ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ፎቶዋን የተጋራው ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ክንፏም ተጽፏል። የመካኒኮቿን ነገር ያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ከነፃነት በኋላ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጣ፤ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ሥልጠና የጀመረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ 31 ሰዓት ፈጅቶበታል። መካኒክ ይህን ሲሰማ የሚያስበው ስለ ጀግንነቱ ሳይሆን ስለ ዘይቱ ነው። በሰዓት ሩብ ሊትር የሚያፈስ ሞተር ለአንድ ሰዓት በረራ ምንም አይደለም፤ በ31 ሰዓት ግን ወደ ስምንት ሊትር ነው፤ አንድ ሙሉ የላይካሚንግ ሞተር የሚይዘው ዘይት ማለት ነው። "ትንሽ ናት" የሚባል ነገር ትንሽነቱ የሚታወቀው የሚሄድበት መንገድ ሲታወቅ ነው።

ወደ ኩታበሩ ሰው እንመለስ። ዓመተ ምሕረቱ 2013፣ ወሩ ጥቅምት። የበረሃ አንበጣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ቆላ ላይ ወርዷል። ማሽላው ሊታጨድ ነው፣ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ እንደሚችል፣ በቀንም የ35,000 ሰው ምግብ እንደሚበላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ይናገራል። የወሎ ገበሬ ይህን ቁጥር አይፈልገውም፤ በ1950 ዓ.ም. አንበጣ አገር ምድሩን እንደበላ ከአባቱ ሰምቷል። አንበጣ ሌሊት ዛፍና አዝመራ ላይ ሰፍሮ ያድራል፣ ፀሐይ እስክታሞቀው አይነሳም፤ ከተነሳ በነፋስ ታግዞ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ማምሻውን የሰፈረበትን ከአየር ላይ አይቶ ማስታወስ፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ መርጨት ነው። የቅኝት አውሮፕላን አንድ ጠዋት ቀረች ማለት መንጋው ተነስቶ ሄደ ማለት ነው።

መካኒኩ ያኔ የሚጠብቃት አንዲት የቅኝት አውሮፕላን ነበረች፤ ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አብራሪው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ አለ። ኮፈኑ ተከፈተ። ከቀኝ በኩል የኋለኛው ሲሊንደር፣ ማለትም የሦስተኛው፣ የጭስ ቧንቧ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ፤ ጫፉ ገና ያጨሳል።

ወጣቱ ረዳት ጨርቅ አንስቶ ነበር። "ጋሼ፣ የሮከሩ ክዳን ነው፤ ልጥረገውና ላጥብቀው?"

"አትጥረግ" አለው። "ጨርቁን አስቀምጥና ባትሪ አምጣልኝ።"

እርጥብ ሞተር ላይ የሚደረገው የመጀመሪያው ነገር ምንም አለመንካት ነው። ጠረግህ ማለት ምስክሩን ገደልክ ማለት ነው። ባትሪ አብርቶ እርጥበቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት ተከተለ። የሦስተኛው ሮከር ክዳን የታች ጠርዙ ርሶ ነበር፣ የላይኛው ጠርዝ ግን ደረቅ ነው። ከራሱ የሚያፈስ ክዳን ቢሆን ኖሮ አየር ያገኘው እርጥበት በዚያ መልክ አይቀመጥም። የጭስ ቧንቧው አፍ ውስጥ ጣቱን ከቶ አወጣው፤ ደረቅ ግራጫ ዱቄት። ካንዴላዎቹ ተፈቱ፤ ደረቅ ናቸው። በአየር ተፈተኑ፤ አራቱም ከ74 በላይ ያዙ። ከውስጥ አይደለም ማለት ነው። ቀለሙም ሽታውም የሞተር ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ቢሆን ቀላ ይል ነበር፣ ቤንዚን ቢሆን ሰማያዊ እድፍ ይተው ነበር።

ከዚያ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ፓውደር ተነፋበት። ኮፈኑ ሳይገጠም ለአምስት ደቂቃ ያህል ተነሳ፣ ጠፋ። ሦስተኛው ነጭ ነው። ረዳቱ አሁንም በሦስተኛው ዙሪያ እየዞረ ሳለ መካኒኩ ከፊተኛው ሲሊንደር ሥር ተንበርክኮ ነበር። ዘይት መመለሻው የጎማ ቱቦ ሥር አንድ ቀጭን መስመር ጠይሟል። ስፋቷ የክብሪት እንጨት ታህል። መሬት ላይ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በረራ ላይ አየሩ ወስዶ የሦስተኛው ቧንቧ ላይ ይለጥፈዋል።

ረዳቱ ደስ አለው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ፊቱ ተለወጠ። "ይሄን እኮ ባለፈው ወር ነው የቀየርነው!"

ብዙ ጥገና ቤት ውስጥ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ምንጩ ተገኝቷል፣ ቱቦው ርካሽ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥም አለ፤ በግማሽ ሰዓት ተቀይሮ አውሮፕላኗ ትነሳለች። አብራሪውም ይህንኑ ነው የጠበቀው። "እንግዲህ ቀይረኸው ነገ 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን አይደል?" አለ። ትሕትና የጎደለው ሰው አልነበረም። ማታ የሰፈረውን መንጋ በዓይኑ አይቶት የመጣ፣ የገበሬዎቹን ጩኸትና የቆርቆሮ ድምፅ የሚያስብ ሰው ነው።

መካኒኩ የሞተሩን መዝገብ አወረደ። ወደ ኋላ ገለጠ። "የአንደኛ ሲሊንደር ዘይት መመለሻ ቱቦ ተቀየረ።" ሁለት ገጽ ወደ ኋላ፤ "የአንደኛ ሲሊንደር ዘይት መመለሻ ቱቦ ተቀየረ።" ከዚያም በፊት እንደገና። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ፊርማ። የሌሎቹ ሦስት ሲሊንደሮች ቱቦዎች ከዓመታት በፊት የተገጠሙ ናቸው፤ በጣት ሲጫኗቸው ገና ይለመጣሉ። ያንኛው ብቻ በአንድ ወር እንደ ቀንድ ደርቋል።

እዚህ ላይ ጥያቄው ተቀየረ። ዘይቱ ከየት ይወጣል የሚለው ተመልሷል። የቀረው ቱቦው ለምን ይደርቃል የሚለው ነው። ሦስቱ ፈራሚዎች ሰነፎች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የፈሰሰውን አግኝተዋል፣ ትክክለኛውን ዕቃ በትክክለኛው ዕቃ ተክተዋል፣ ፈርመዋል። የጎደለው ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ ነበር። በዚህ አገር ስለ ጥገና ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የመለዋወጫና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ይህቺ አውሮፕላን ግን መለዋወጫ አልጎደለባትም ነበር፤ እንዲያውም ሦስት ቱቦ በልታለች። የጎደላት አንባቢ ነው። መዝገብ የምንጽፈው ተቆጣጣሪ ቢመጣ ለማሳየት ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ከባዶ ይጀምራል። የሆስፒታል ካርድም፣ የመብራት ትራንስፎርመር መዝገብም፣ የመኪና ሊብሬ ውስጥ የሚቀመጠው ወረቀትም ከዚህ አይለይም።

መስታወት አምጥቶ ከሲሊንደሩ ጀርባ አየ። የጭስ ቧንቧው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ግራጫ ነጭ ዱቄት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ክንፍክፎቹ ላይ ተረጭቷል። ይህ የዘይት ምልክት አይደለም። የአውሮፕላን ቤንዚን እርሳስ አለበት፤ ጭሱ ከመጋጠሚያው ሲያመልጥ የሚተወው አመድ እንዲህ ያለ ነው። አንደኛው ዳዶ በጣት ይዞራል። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ከአንድ ወገን ጠፍቷል። በዚያ ክፍተት የሚወጣው የጋለ ጋዝ በቀጥታ የሚያርፈው ከጥቂት ጣት ርቀት ላይ ባለችው የጎማ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦዋ በየበረራው ስትጠበስ ነበር።

ስለዚህ የዘይቱ መፍሰስ የጭሱ መፍሰስ ውጤት ነበር። ሁሉም ዘይቱን ያዩት ዘይት ስለሚታይ ነው። ጭሱ አይታይም። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን እሱ ነው። ከሞተር የሚያመልጥ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በኮፈኑ ውስጥ ተጠራቅሞ በአንዲት ቀዳዳ ወደ አብራሪው ሊደርስ ይችላል። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ በክረምት በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ ተኝቶ ጠዋት ያልተነሳ ሰው ታሪክ የሌለበት ቀበሌ የለም። አብራሪው ባለፉት ሳምንታት ራሱን ሲያመው "ፀሐዩ ነው" ሲል ነበር። ምናልባት ፀሐዩ ነው። ምናልባትም አይደለም።

ጓርኒሲዮኑ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ዳዶውን አጥብቆ ለአንድ ጠዋት መብረር ነው። የተበላ ጓርኒሲዮን ላይ ማጥበቅ ግን ፍላንጁን ያጣምመዋል፣ ጋዙም በቀረው በኩል እየሾለከ የሲሊንደሩን አልሙኒየም ይበላል፤ የአንድ ጓርኒሲዮን ነገር የአንድ ሲሊንደር ነገር ይሆናል። ሁለተኛው ደሴ ወጥቶ ከጋራዥ ማስቆረጥ ነው። ደሴ ላይ ቆርጦ የሚሰጥ ባለሙያ አይጠፋም፤ የደሴ ጋራዥ ከምንም ተነስቶ ሞተር የሚያቆም ነው። ለአይሱዙ ቢሆን መካኒኩ ራሱ ይልክ ነበር። ለዚህኛው ግን ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ስንት ሙቀት እንደሚችል የሚመሰክር ወረቀት የሌለው ዕቃ ላይ መፈረም አለበት። አልፈርምም አለ።

አብራሪው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "ወንድሜ፣ ያ መንጋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ከዚያ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም" አለው።

"አውቃለሁ ካፒቴን። የእናቴ ወንድሞች የሚያርሱት እዚያው ታች ነው።"

ክርክሩ በዚህ አላለቀም፤ ስልክ ተደወለ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ከአለቆቹ አንዱ "አንተ ብቻ ነህ የምትፈራው" አለው። የዚህ ዓይነት ንግግር በየመሥሪያ ቤቱ ይታወቃል፤ ጥንቃቄን ፍርሃት ብሎ መጥራት ርካሽ መሣሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ያም ሆኖ አብራሪውን ጥፋተኛ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፣ ዙሪያው ተራራ ነው፣ ሥራው ዝቅ ብሎ መብረር ነው። ያንን ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ሰው ፈሪ አይደለም፣ ግዴለሽም አይደለም። ሁለቱም ትክክል የሆኑበት ክርክር ነበር፤ አንዱ ስለ ማሽላው፣ አንዱ ስለ ሞተሩ። ልዩነቱ ማሽላው ላይ የሚመጣው ጉዳት እርግጠኛ ሲሆን ሞተሩ ላይ የሚመጣው "ሊሆን ይችላል" መሆኑ ነው። እርግጠኛ ጉዳት ፊት ለፊት ቆሞ "ሊሆን ይችላል" ብሎ መከራከር ከባድ ነው። የአየር በረራ ደኅንነት የሚባለው ነገር ሁሉ ግን የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።

አውሮፕላኗ ያን ጠዋት አልተነሳችም። መንጋው ተነሳ። በማግስቱ የት የት እንደወረደ ከስልክ ወደ ስልክ ሲወራ ዋለ፤ ከተጠሩት ቀበሌዎች አንዱን መካኒኩ ያውቀዋል። ገበሬው ልጁንም ሽማግሌውንም ይዞ ወጥቶ ጅራፍ አጩኋል፣ ቆርቆሮ መትቷል፣ ጭስ አጭሷል። ከፊሉን አድኗል፣ ከፊሉን አላዳነም። መካኒኩ በዚያ ሳምንት ምሳ ሲበላ ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም የሚሉ አሉ፤ ሊጋነን ይችላል።

ጓርኒሲዮኑና አዳዲስ ዳዶዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት በማግስቱ ማምሻውን ነው። ቧንቧው ወረደ፤ ሌላ ቦታ ስንጥቅ እንዳለው ታየ፤ የለውም። የሲሊንደሩ ፊት መበላት ጀምሮ ነበር፣ ግን ገና ከልኩ አላለፈም። ተጸዳ፣ ተገጠመ፣ በቁጥሩ ልክ ተጠበቀ፣ ሞተሩ ግሎ ከበረደ በኋላም እንደገና ተፈተሸ። አራተኛው ቱቦ ገባ። በመዝገቡ ላይ "ቱቦ ተቀየረ" የሚለው አንድ መስመር በቂ ነበር፤ እሱ ግን ስድስት መስመር ጻፈ። ዘይቱ የት እንደታየ፣ ከየት እንደመጣ፣ ያለፉት ሦስት ቅያሪዎች በየትኛው ገጽ እንዳሉ፣ ቱቦውን የሚያደርቀው ምን እንደነበር፣ ቀጥሎ የሚያይ ሰው መስታወቱን የት አስገብቶ ምን ዓይነት ዱቄት መፈለግ እንዳለበት። ረዳቱን አስነበበውና "ይገባሃል?" አለው። አንድ ቃል አልገባውም ነበር፤ እሱን አስተካከለ።

በሚቀጥለው ጎህ አውሮፕላኗ ወደ ባቲ አቅጣጫ ተነሳች። ከ50 ሰዓት በረራ በኋላ ኮፈኑ ሲከፈት ረዳቱ ማንም ሳያዘው ከፊተኛው ሲሊንደር ሥር ገብቶ ቱቦዋን በሁለት ጣቱ ጫን አደረጋት። ትለመጣለች።